«ዱባይ ግብር የለም» ተብሎ የተፈረመ ውል

የዛሬው ጽሑፍ ዋጋ አይደለም፤ የቡናውም የሰሊጡም እንደተለመደው ማታ ይለጠፋል። ሰሞኑን በውስጥ መስመር አንድ ዓይነት ጥያቄ ተደጋገመብኝ፤ ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

አንዱ ልጅ «ለአራት ወር ዱባይ መጋዘን ላይ ሰሊጥና ቡና እንድመረምር ውል ሰጡኝ፣ ልፈርም ወይ?» ይላል። አንድ ላኪ ደግሞ «ቀማሻችንን አሜሪካ ልንልከው ነው፣ ግብሩ እንዴት ነው?» ይሉኛል። የአንድ ዩኒየን ሂሳብ ሠራተኛ ከውጭ ለመጣ ባለሙያ የከፈሉት ክፍያ ኦዲት ላይ ጥያቄ አስነስቶባቸው ተጨንቀው ነው የጻፉት። ሦስቱም ሲታዩ የተለያዩ ይመስላሉ እንጂ ጥያቄው አንድ ነው፦ ሰው ከአገሩ ወጥቶ በውል ሲሠራ ግብሩ የየትኛው አገር ነው? ወረቀቱንስ ማን ይይዛል?

እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ በቢዝነስ ዲፕሎማ ይዤ ድለላ የገባሁ ሰው ነኝ። ይህን ነገር ግን በራሴ ገንዘብ ከፍዬ ነው የተማርኩት፤ ስለዚህ ከራሴ ልጀምር።

መስከረም 2016 ላይ አንድ የባሕረ ሰላጤ ገዢ ጠራኝ። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ሥራው ግልጽ ነበር፤ ጀበል ዓሊ የሚራገፈውን የኢትዮጵያ ሰሊጥና ቡና መጋዘን ላይ ቆሜ ናሙና እወስዳለሁ፣ እርጥበቱንና ባዕድ ነገሩን እለካለሁ፣ ከላኪው ጋር የጥራት ክርክር ሲነሳ ሪፖርት እጽፋለሁ። ክፍያው በወር 2,500 ዶላር፣ ለስድስት ወር፣ በድምሩ 15,000። ውሉ አንድ ገጽ ከግማሽ ነበር። ስለ ግብር ስጠይቅ ሰውየው ሳቀና «ዱባይ ግብር የለም፣ የምትቀበለው ሙሉውን ነው» አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። የገባሁት በ60 ቀን የጉብኝት ቪዛ ነው፤ ሲያልቅ እያደስኩ ቆየሁ።

የካቲት መጨረሻ ስመለስ በእጄ የገባው የአምስት ወር ክፍያ ነው፣ 12,500 ዶላር። በባንክ ነው የገባው፤ በወቅቱ ዶላር በባንክ 56 ብር ገደማ ስለነበር 700,000 ብር ሆነ። የስድስተኛው ወር ጉዳይ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሐምሌ አለፈ፣ ጥቅምት ደረሰ፤ የዓመቱን ግብር ለማሳወቅ ሂሳብ የሚሠራልኝ ልጅ የባንክ ወረቀቴን ሲያይ «ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «የዱባይ ነው፣ እዚያ ግብር የለም» አልኩት። እሱ አልሳቀም። አዋጅ 979/2008ን አውጥቶ አሳየኝ፤ የኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው ግብር የሚከፍለው ኢትዮጵያ ውስጥ ባገኘው ላይ ብቻ ሳይሆን በየትም ዓለም ባገኘው ገቢ ላይ ነው። እኔ ነዋሪ ነኝ። የድለላዬ ትርፍ ታችኛዎቹን እርከኖች ስለሞላ የዱባዩ ገንዘብ በሙሉ ያረፈው ጣሪያው ላይ ነበር፣ 35 በመቶ። 700,000 ሲባዛ በ35 በመቶ፣ 245,000 ብር።

«ስድስት ወር አገር ውስጥ አልነበርኩም እኮ» ብዬ ተከራከርኩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ስለሆነ ልብ በሉ። 183 ቀን የሚባለውን ቁጥር ሁላችንም ሰምተናል። በአንድ ዓመት ውስጥ ኢትዮጵያ ውስጥ ከ183 ቀን በላይ የቆየ ሰው ነዋሪ ነው፣ እውነት ነው። ግን እሱ አንዱ በር ብቻ ነው። ሌላው በር ቋሚ መኖሪያ ነው፤ ቤታችሁ፣ ትዳራችሁ፣ ንግዳችሁ እዚህ ከሆነ ውጭ የቆያችሁበትን ቀን ብትቆጥሩም ነዋሪነታችሁ አይቀርም። ቀን መቁጠር የሚጠቅመው ለውጭ ዜጋ ነው እንጂ ቤቱን ዘግቶ ላልሄደ ሐበሻ አይደለም።

ታዲያ ሰውየው ዋሽቶኛል? አልዋሸም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ በደመወዝ ላይ ግብር የላትም። ከሰኔ 2023 በፈረንጆቹ ጀምሮ በንግድ ትርፍ ላይ 9 በመቶ ግብር አምጥታለች፤ እሱም ከ375,000 ድርሃም በላይ ባለው ትርፍ ላይ ነው። በግሉ የሚሠራ ሰው ደግሞ በዓመት ሽያጩ ከ1 ሚሊዮን ድርሃም ካላለፈ አይነካውም። ድርሃም በዶላር 3.6725 ላይ የታሰረ ስለሆነ 1 ሚሊዮኑ 272,000 ዶላር ገደማ ነው። የእኔ 15,000 ዶላር እዚያ ምንም አይደለም። ዱባይ ከእኔ የፈለገችው አንድ ሳንቲም የለም።

ችግሩ እዚሁ ጋ ነው። የእኛ ሕግ ውጭ አገር የከፈላችሁትን ግብር እዚህ ከሚፈለግባችሁ ላይ ያካክስላችኋል፤ ደረሰኙን ካመጣችሁ። ውጭ 20 በመቶ ከከፈላችሁ እዚህ የሚቀረው ልዩነቱ ነው። ዱባይ ዜሮ ከሆነ ግን የሚቀነሰውም ዜሮ ነው። ስለዚህ «ግብር የለም» የሚባለው አገር ለእኛ ሰው ርካሽ አገር አይደለም፤ ግብሩ ሙሉ በሙሉ እዚህ የሚከፈልበት አገር ነው። ይህን ሳታውቁ 2,500 ዶላርን እንደ 2,500 ዶላር ቆጥራችሁ ከተደራደራችሁ ዋጋ አወጣጣችሁ ከመጀመሪያው ተበላሽቷል። ኮንቴነር ሲ.አይ.ኤፍ. ዋጋ ሰጥቶ መርከቡን መርሳት ማለት ነው።

ከኤምሬትስ ጋር ተደራራቢ ግብርን የማስቀረት ስምምነት አለን። አንዳንዱ «ስምምነት አለ እኮ» ሲል እሰማለሁ። ስምምነቱ ሁለት አገር በአንድ ገቢ ላይ ሲሻሙ ነው የሚገላግለው፤ አንዱ ጭራሽ ካልጠየቀ የሚገላግለው ነገር የለም። ደግሞም «የዚያኛው አገር ነዋሪ ነኝ» ለማለት ከዚያው የግብር ባለሥልጣን የነዋሪነት ማስረጃ ማምጣት አለባችሁ። ኤምሬትስ ውስጥ 183 ቀን ለቆየ፣ ወይም የመኖሪያ ፈቃድ ኖሮት እዚያ ቋሚ ቤት ወይም ሥራ ይዞ 90 ቀን ለቆየ ነው የሚሰጠው። በጉብኝት ቪዛ 170 ምናምን ቀን የቆየ እንደ እኔ ያለ ሰው ሁለቱም የለውም።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ልምጣ፤ ወጪው ነው። ሻርጃ ክፍል ተከራይቻለሁ፣ በየቀኑ ጀበል ዓሊ ድረስ ታክሲ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የቪዛ ማደሻ፤ በደፈናው 4,200 ዶላር ወጥቷል። ሥራውን ለመሥራት የወጣ ወጪ ከገቢ ላይ ይቀነሳል፣ ደረሰኝ ካለ። የቤት ኪራዩን በእጄ ነው የከፈልኩት፣ ወረቀት የለም። የታክሲውን ወረቀት ጣልኩት። 4,200 ዶላር በ56 ሲመታ 235,200 ብር፣ 35 በመቶው 82,320 ብር። ደረሰኝ ባለመያዜ ብቻ የከፈልኩት ነው ይሄ። አሁን የትም ስሄድ አንድ ፖስታ ይዤ ነው የምሄደው፤ ሚስቴ «የቆሻሻ ሰብሳቢ ሆንክ» ትላለች። ትበል።

ስድስተኛው ወር። ገዢው ሥራው ሲያልቅ መልስ መስጠት አቆመ። 2,500 ዶላር ነው። ዱባይ ያለ አንድ የአገር ልጅ አማከርኩ፤ «በምን ቪዛ ነበርክ?» አለኝ። በጉብኝት ስለው ዝም አለ። በጉብኝት ቪዛ ሥራ መሥራት ክልክል ነው። ያለ ፈቃድ በሚያሠራ ድርጅት ላይ በ2024 የወጣው ማሻሻያ ቅጣቱን ከ100,000 እስከ 1 ሚሊዮን ድርሃም አድርሶታል። ቅጣቱ ለአሠሪው ነው፤ ግን ሠራተኛውም ሕግ ጥሶ ነው የተገኘው፣ አገር መግባት እስከመከልከል ሊደርስ ይችላል። ላመልክት ብል መጀመሪያ የምከሰው ራሴን ነው። ውሉም ክርክር ቢነሳ የት እንደሚታይ አንድ መስመር አልነበረውም። በቃ ተውኩት።

ስለዚህ ለዚያ ልጅ የምለው ይሄን ነው። ወይ ቀጣሪው በስሙ የሥራ ፈቃድ ያውጣልህ፣ ወይ ከነፃ ቀጠና በራስህ ስም የፍሪላንስ ፈቃድ ይውጣ፤ ወጪውን ማን እንደሚችል ውሉ ላይ ይጻፍ። «ለጊዜው በጉብኝት ግባ፣ በኋላ እናስተካክላለን» ከተባልክ ያ ሰው የመጨረሻውን ወር ክፍያ አሁኑኑ እየቀነሰብህ ነው።

ስለ አላላክም ትንሽ ልበል። ብዙ ልጆች ከውጭ የሚላክላቸውን የሥራ ክፍያ ባንክ ላይ «ለቤተሰብ ድጋፍ» ብለው ያስሞሉታል፣ ግብር እንዳይታይ። እኔንም ሐዋላ ይሻልሃል ያለኝ ነበር፤ ያን ጊዜ በጥቁር ገበያውና በባንኩ መካከል ያለውን ልዩነት የምታስታውሱት ነው፣ አልዋሻችሁም ልቤ ሄዶ ነበር። የተውኩት ጻድቅ ሆኜ አይደለም፤ ነጋዴ ነኝ፣ ነገ ብድር እጠይቃለሁ፣ መኪና እገዛለሁ፣ ገንዘቡ ከየት መጣ ሲባል የማሳየው ወረቀት ያስፈልገኛል። ለቤተሰብ ድጋፍ የተባለ ገንዘብ ላይ ደግሞ ወጪ ቀንሱልኝ ማለት አይቻልም፤ ሥራ አይደለማ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው በገበያ መወሰን ከጀመረ ወዲህ ያ ሰፊ ልዩነት ስለጠበበ ምክንያቱም አብሮ ቀንሷል። ሆኖም አንድ ሌላ ነገር ተቀይሯል፤ ያው 2,500 ዶላር በብር ሲመነዘር ከበፊቱ እጥፍ በላይ ስለሆነ የግብር ጣሪያው ላይ ለመድረስ ብዙ ወር አይፈጅም። የ2017ቱ ማሻሻያ ታችኛዎቹን እርከኖች ከፍ ቢያደርጋቸውም ጣሪያው ያው 35 በመቶ ነው።

ወደ ላኪው ጥያቄ ልሂድ፣ ቀማሹን አሜሪካ ስለሚልኩት። እዚህ ላይ መጀመሪያ መለየት ያለበት ሰውየው ሠራተኛችሁ ነው ወይስ በውል የሚሠራላችሁ? ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ስም ብቻውን አይወስንም። ሰዓቱን እናንተ የምታዙት፣ በእናንተ ዕቃ የሚሠራ፣ ለሌላ የማይሠራ ከሆነ ሠራተኛ ነው፤ ደመወዙ እዚህ ይቀጥላል፣ የሥራ ግብሩና ጡረታውም (7 ከእሱ፣ 11 ከእናንተ) አብሮ ይቀጥላል። «ኮንትራክተር» ብሎ ስሙን ቀይሮ ጡረታውን መዝለል ኦዲት ላይ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይመጣል።

ከዚያ የሚመጣው ሥራው የተሠራበት ቦታ ነው። አሜሪካኖች በዚህ ግልጽ ናቸው። አንድ ቀማሽ አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ናሙና ቀምሶ ሪፖርቱን አሜሪካ ላለ ቡና ቆይ ድርጅት ቢልክ ገቢው የአሜሪካ አይደለም፤ ሥራው የተሠራው እዚህ ነው። ድርጅቱ ደብሊው-ኤይት ቤን የሚባለውን ቅጽ ያስሞላዋል፣ የሚቀነስ የለም፣ ግብሩ እዚህ ነው። ያው ሰው ያንኑ ሥራ እዚያው መጋዘናቸው ውስጥ ቆሞ ቢሠራው ግን ገቢው የአሜሪካ ይሆናል፤ ከፋዩ 30 በመቶ ቀንሶ የመያዝ ግዴታ አለበት። ከአሜሪካ ጋር ደግሞ የገቢ ግብር ስምምነት የለንም፣ ስለዚህ ይህን የሚያወርድ ወረቀት አይገኝም። የተቆረጠውን ማስረጃ ይዞ መጥቶ እዚህ ማካካስ ነው ያለው መንገድ። አንድ ዓይነት ጽዋ፣ አንድ ዓይነት ማንኪያ፣ የሚለየው ቆሞ የቀመሰበት ቦታ ነው።

አንድ ጠባብ በር አለ። ሰውየው በዓመቱ አሜሪካ ከ90 ቀን ያልበለጠ ቆይቶ፣ እዚያ ለሠራበት የተከፈለው በድምሩ ከ3,000 ዶላር ካልበለጠ፣ ከፋዩም አሜሪካ ውስጥ ንግድ የሌለው የውጭ ድርጅት ከሆነ ገቢው የአሜሪካ ተብሎ አይቆጠርም። ለኤግዚቢሽን ሳምንት ሁለት ሳምንት ለምትልኩት ሰው ይሄ ይበቃል። ግን 3,000 ካለፈ በላዩ ያለው ብቻ ሳይሆን ሁሉም ነው የሚወድቀው። ቪዛውም እንደዚያው ነው፤ በቢ-ዋን መሰብሰብ፣ ውል መደራደር፣ ኤግዚቢሽን ላይ መቆም ይቻላል፤ ከአሜሪካ ድርጅት ደመወዝ እየተቀበሉ መሥራት አይቻልም።

አሁን የዩኒየኑ ጉዳይ። እዚያ አቅጣጫው ይገለበጣል፤ ሰውየው ነው ወደ እኛ አገር የሚመጣው፣ እናንተ ናችሁ ከፋይ። የአውሮፓ የደን ሕግ ከመጣ ወዲህ የእርሻ ካርታ የሚሠራ፣ የመረጃ ቋት የሚያዘጋጅ፣ የማጠቢያ ጣቢያ የሚያማክር የውጭ ባለሙያ ያላስገባ ዩኒየን ጥቂት ነው። ነዋሪ ላልሆነ ባለሙያ ለሚከፈል የቴክኒክና የማማከር ክፍያ አዋጅ 979/2008 ያስቀመጠው 15 በመቶ ነው፤ ከጠቅላላው ክፍያ ላይ ነው የሚያዘው፣ ወጪ አይቀነስለትም። ቀንሶ የማስገባት ኃላፊነቱ የከፋዩ ነው። ሳትቀንሱ ከከፈላችሁ ሰውየው አገሩ ገብቷል፣ ገቢዎች የሚያገኘው እናንተን ነው። የጻፉልኝ ሂሳብ ሠራተኛ ላይ የደረሰውም ይሄ ነው፤ ክፍያው ሙሉውን ወጥቷል፣ ባለሙያው ሄዷል።

ሁለተኛው ወጥመድ «የተጣራ» የምትለዋ ቃል ናት። ባለሙያው «የማገኘው የተጣራ 20,000 ዶላር ነው» ብሎ ያስፈርማል። ብዙ ሰው 15 በመቶ ሲባል 3,000 አድርጎ ያስባል። አይደለም። ሰውየው 20,000 እንዲደርሰው ጠቅላላው 20,000 ለ0.85 ተካፍሎ 23,529 ዶላር መሆን አለበት፣ ግብሩ 3,529። ይህ በቦርድ ያልጸደቀ ወጪ ነው፣ ከገበሬው የትርፍ ክፍፍል ላይ የሚወጣ። ስለዚህ ውሉ ላይ «ጠቅላላ ክፍያ፣ በኢትዮጵያ ሕግ የሚቀነሰው ግብር ተቀንሶ የሚከፈል» ተብሎ ይጻፍ፤ እናንተም የቀነሳችሁበትን ማስረጃ ስጡት፣ አገሩ ላይ ሊያካክስበት ይችላል። ደህና ባለሙያ ይሄን ራሱ ይጠይቃችኋል፤ ካልጠየቀ ነው የሚያጠራጥረው። አገሩ ከእኛ ጋር ስምምነት ካለውና የነዋሪነት ማስረጃ ካመጣ መጣኔው ሊቀንስ ይችላል፤ ማስረጃው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ይምጣ እንጂ በኋላ አይደለም።

ከዚህ ሌላ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ፤ ከውጭ ሰው የተገዛ አገልግሎት ላይ 15 በመቶውን ተቀባዩ ራሱ አስልቶ ያስገባል። የተመዘገባችሁ ከሆናችሁ እንደ ግብዓት ታክስ ትጠይቁታላችሁ፣ ኤክስፖርት ዜሮ መጣኔ ስለሆነ ይመለሳል፤ እስኪመለስ ግን ጥሬ ገንዘባችሁ ታስሮ ይቆያል፣ መከር ላይ ቀይ እሸት ለመግዛት በምትፈልጉበት ሰዓት። ውሉን ጥቅምትና ኅዳር ላይ አታድርጉት የምለው ለዚህ ነው።

ሰውየው በምን እንደገባም ጠይቁ። የሥራ ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው የሚወጣው። በቱሪስት ቪዛ ገብቶ ማጠቢያ ጣቢያ ላይ ለወራት የሚሠራ ፈረንጅ ካያችሁ እኔ ሻርጃ የነበርኩበትን ሁኔታ ነው የምታዩት፤ ልዩነቱ አሁን አሠሪው እናንተ መሆናችሁ ነው። ከ183 ቀን በላይ ከቆየ ደግሞ ነዋሪ ይሆናልና የ15 በመቶው ስሌት ይቀራል፣ እንደ ማንኛውም የአገሩ ግብር ከፋይ ነው የሚታየው። የመግቢያና የመውጫ ማኅተሙን ፓስፖርቱ ላይ ኮፒ አድርጋችሁ ፋይል ውስጥ አስቀምጡ።

ከውጭ የምታመጡት ማንኛውም የግብር ማስረጃ ሲመጣ የተረጋገጠ ይሁን፤ ያ አገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ከዚያ እዚያ ያለው ኤምባሲያችን፣ ከዚያ እዚህ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር። ማኅተም የሌለው የታተመ ኢሜይል ይዞ ሄዶ የተመለሰ ሰው አውቃለሁ።

ዱባይ ልሂድ ላልከው ልጅ፦ ውሉን ስሙንና ቁጥሩን አጥፍተህ በውስጥ መስመር ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። 2,500 ዶላር ብለውህ ከሆነ መልሰህ ጠይቃቸው፤ ግብሩን፣ ፈቃዱን፣ ክፍሉን ደምረህ። የመጨረሻው ወር ክፍያ ደግሞ ከመመለስህ በፊት እንዲገባ አስጽፍ።

ማታ በዋጋ እንገናኝ።